«ኩላሊቴን አመመኝ» ከማለታችን በፊት፦ የኩላሊት ድካም የሚያዘው ጤና ጣቢያ ላይ ነው

ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ስትከፍቱ እንዲህ ዓይነት ፖስት ያላጋጠማችሁ አትኖሩም። የአንድ ወጣት ወይም የአንዲት እናት ፎቶ፣ ከሥሩ «ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ የባንክ ሂሳብ ቁጥር። አንዳንዶቻችን የአቅማችንን እንልካለን፣ አንዳንዶቻችን ሼር እናደርጋለን፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን።

ዛሬ ማውራት የፈለግነው ከዚያ ፖስት በፊት ስላለፉት ዓመታት ነው።

ድንገት የሚከሰት የኩላሊት ጉዳት አለ፤ ግን በብዙ ሰው ላይ ኩላሊት በአንድ ጀንበር አይደክምም። አምስት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ምንም አይሰማውም። አካሄዱን ለማዘግየት የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ አብዛኛው ውድ ማሽን አይደለም። የግፊት መለኪያ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከር ቀጭን ወረቀት፣ የደም ምርመራ፣ በርካሽ የሚገኝ ክኒን ነው። ማለትም ሥራው በዋናነት የጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

ይህን ስንጽፍ በተለይ ያሰብነው ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ርቀት። ከሰቆጣ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኩላሊት እጥበት ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ መተኛት ነው። ማሽኖቹ በአብዛኛው ያሉት ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ከዝቋላ ወይም ከደሃና ገጠር ለሚነሳ ሰው ይህ ማለት ሕክምና መሄድ ብቻ አይደለም፤ ማሳውን፣ ከብቱንና ጎጆውን ትቶ ከተማ ላይ ቤት መከራየት ነው። ንቅለ ተከላውም ቢሆን በአገራችን የተጀመረው በቅርብ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው የመጀመሪያው የተሠራው። ለዚያ ደግሞ ኩላሊት የሚሰጥ፣ የሚስማማና ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለዋግ ሰው ዋናው ጥያቄ «እጥበት የት ይገኛል?» አይደለም። «እጥበት ጋ እንዳልደርስ አሁን ምን ላድርግ?» ነው።

ወገብ ያመመው ሁሉ ኩላሊቱን አላመመውም

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር ወገቡን ወይም ጎኑን ያመመው ሰው «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። ቀን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የወጣ፣ ረጅም መንገድ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሰው ወገቡን ቢያመው ብዙ ጊዜ ጡንቻው ወይም አከርካሪው ነው። የኩላሊት ጠጠርና ኢንፌክሽን እውነትም ጎን ያሳምማሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያወራለት በዝግታ የሚመጣው ድካም ግን አያምም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ምን ይሆናል? «ኩላሊቴን» ያለው ሰው ፋርማሲ ይሄዳል፣ ዳይክሎፌናክ ይገዛል፣ ወይም መርፌውን ይወጋል። ለጊዜው ሕመሙ ይለቀዋል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ግን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛ ሰው አንድ ሁለት ቀን ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ኩላሊቱ ሳይታወቅ የደከመ ሰው ወር ሙሉ ቢውጣቸው ግን ያለችውን አቅም ይጨርሱበታል። ለሌለ የኩላሊት ሕመም የተወሰደ መድኃኒት እውነተኛ የኩላሊት ሕመም ያመጣል ማለት ነው።

«መካከለኛ ደረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች ተባብረው በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህን የማጣራት አቅም በግምት አስልተው በቁጥር ያስቀምጡታል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢጂኤፍአር ይባላል። ለማስታወስ እንዲቀላችሁ እንደ ስልክ ባትሪ አስቡት፦

▪ ከ90 በላይ፦ ሙሉ የሚባል ነው
▪ ከ60 እስከ 89፦ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ወይም ሌላ የጉዳት ምልክት ከሌለ በሽታ አይባልም
▪ ከ30 እስከ 59፦ ሦስተኛ ደረጃ፤ መካከለኛ የሚባለው ይህ ነው
▪ ከ15 እስከ 29፦ አራተኛ ደረጃ፤ ከባድ ነው
▪ ከ15 በታች፦ አምስተኛ ደረጃ፤ ስለ እጥበትና ንቅለ ተከላ የሚወራው እዚህ ነው

የስልክ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይሞላል። ኩላሊት ላይ ግን አንዴ የጠፋ ማጣሪያ አይመለስም። የሚቻለው የቀረው ቶሎ እንዳያልቅ መቆጠብ ነው። ደግነቱ 45 ወይም 50 ላይ ያለ ሰው በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት እዚያው አካባቢ ሊቆይ ይችላል። መካከለኛ ደረጃ ላይ ካሉ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው እጥበት ላይ አይደርሱም። ከእጥበት ይልቅ የሚያሰጋቸው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ኩላሊትንም ልብንም አንድ ላይ የሚጠብቅ መሆን አለበት።

ሌላው ነገር፣ በአንድ ምርመራ ብቻ «ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለብህ» አይባልም። ቁጥሩ ከሦስት ወር በላይ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። ተቅማጥ የያዘው ወይም በቆላው ፀሐይ ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ለጊዜው ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ቁጥሩ በጣም ዝቅ ካለ ወይም ሰውየው ከታመመ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም፤ በቀናት ውስጥ ይደገማል።

ውጤቱ 1.2 ነው… ግን የማን 1.2?

ስልክ ላለው ሰው ይህ ክፍል በጣም ይጠቅማል። ላብራቶሪ ደም ወስዶ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ቁጥር ክሬቲኒን ይባላል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ወረቀቱ ላይ 1.2 የሚል ቁጥር ካያችሁ ብዙ ሰው «ኖርማል ነው» ይላል።

እስቲ እናስላው። የ25 ዓመት ወንድ ክሬቲኒኑ 1.2 ከሆነ የማጣራት አቅሙ 86 ገደማ ነው። የ60 ዓመት እናት ክሬቲኒናቸው ያው 1.2 ቢሆን ግን አቅማቸው 52 ገደማ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ኩላሊቱ ግን አንድ አይደለም። እኚህ እናት መካከለኛ ደረጃ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወረቀቱን ይዘው ግን «ደህና ነሽ ተብያለሁ» ብለው ቤታቸው ይገባሉ።

ስሌቱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ክሬቲኒን፣ ዕድሜ፣ ጾታ። «ሲኬዲ-ኢፒአይ 2021» የሚባለውን ቀመር የሚያሰሉ ነፃ ገጾችና መተግበሪያዎች ስላሉ ስልካችሁ ላይ በአንድ ደቂቃ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የክሬቲኒኑ መለኪያ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሁን ማይክሮሞል በሊትር ከወረቀቱ ላይ አረጋግጡ፤ ከተሳሳተ ውጤቱ ሌላ ዓለም ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር ለባለሙያው አሳዩ እንጂ በራሳችሁ አትፍረዱ።

ቀጭን ሰው ላይ ቁጥሩ ያታልላል

ዋግ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ክሬቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመጣው ብለናል። በድርቅ፣ በምግብ እጥረት ወይም በረጅም ሕመም ጡንቻው የሟሸሸ ሰው ክሬቲኒኑ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል።

መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በ2007 ዓ.ም በዚህች ከተማ ስም መጠራቱን ታስታውሳላችሁ። ረሃቡ ከኩላሊት ጋርም ይገናኛል። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን የሚፈጠሩለት ማጣሪያዎች ቁጥር ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሲያድግም ለግፊትና ለኩላሊት ድካም የበለጠ ይጋለጣል። የነፍሰ ጡር እናት አመጋገብ የልጇ የወደፊት ኩላሊት ጉዳይም ነው።

ለዚህም ነው የደም ቁጥር ብቻውን የማይበቃው። የሽንት ምርመራ አብሮ ያስፈልጋል። ጤነኛ ማጣሪያ ፕሮቲን አያሳልፍም። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ደጋግሞ ፕሮቲን ካሳየ ማጣሪያው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ክሬቲኒን «ደህና» ባለበት ሰው ላይ እንኳ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት ሰዎች አቅማቸው እኩል 50 ሊሆን ይችላል፤ ሽንቱ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ያለበት ግን ቶሎ የመውረድ ዕድሉ በጣም ይበልጣል።

ታዲያ ማን ይመርመር? ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ በቤተሰቡ የኩላሊት ሕመም ያለ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነም ቢያደርገው ጥሩ ነው።

ጤና ጣቢያው ምን ማድረግ ይችላል?

አንደኛ፣ ግፊት። በ2007 ዓ.ም (2015 እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ ግፊት ነበረባቸው። ግፊት ሲበዛ እነዚያን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይደበድባቸዋል። ማጣሪያው ሲጎዳ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ከ130/80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ለአዛውንትና ሲነሳ ለሚያዞረው ሰው ግን ግቡ ይለያል።

ልኬቱም ሥርዓት አለው። ሰውየው ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ አይለካም። አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበል፣ ክንዱን ያሳርፍ፣ ሽንቱን ይሽና፣ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ያልጠጣ ይሁን። ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ግፊት መለካት ላይ ሊያግዙ ስለሚችሉ ቅርባችሁ ያለውን ጤና ኬላ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት። ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመረጠው ኢናላፕሪልን የመሰለ ክኒን ነው። ግፊት ከመቀነሱ በላይ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጫና ያረግባል። ዋጋውም ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ግን እነዚህን እወቁ፦

▪ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬቲኒንና ፖታሲየም መታየት አለበት። ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ ከዚያ ካለፈ ባለሙያው ምክንያቱን ይፈልጋል።
▪ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ካስቸገረ ሎሳርታን በመሳሰለው ይቀየራል፤ ዝም ብሎ ማቆም አይደለም።
▪ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው አቁሞ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።
▪ ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም፤ ፅንሱን ይጎዳል። ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለባለሙያው ትንገር።

ሦስተኛ፣ ስኳር። ስኳር ካለ መቆጣጠሩ የኩላሊት ሕክምና ነው። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው አቅሙ ከ45 በታች ሲሆን መጠኑ እንደገና ይታያል፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ቁጥሩን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

አራተኛ፣ ልብ። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑት የኮሌስትሮል ክኒን (እንደ አቶርቫስታቲን ያለ) ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ይጠብቃል። ሲጋራ ማቆምም እዚሁ ውስጥ ነው።

በቅርብ ዓመታት ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል መጀመሪያ ለስኳር የተሠራ ክኒን ስኳር በሌለባቸው ሰዎችም ላይ የኩላሊትን ድካም እንደሚያዘገይ በትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። ዋጋውና አቅርቦቱ ለብዙዎች ፈተና ነው። ካገኛችሁት ባለሙያ ጠይቁ፤ ካላገኛችሁት ግን በርካሹ መድኃኒት ግፊትን በደንብ መያዝ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደጋ የሆኑት

▪ ከላይ ያልናቸው ማስታገሻዎች። በተለይ ኢናላፕሪል፣ ሽንት የሚያሸናው ክኒን እና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ለሕመም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። ፋርማሲ ስትገቡ «ኩላሊቱ የደከመ ነው» ብላችሁ ጀምሩ።
▪ ጄንታማይሲንን የመሰሉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች። ሕይወት ያድናሉ፣ ግን መጠናቸው በኩላሊት አቅም ነው የሚለካው።
▪ ቴኖፎቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት። አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት ሊነካ ስለሚችል ክሬቲኒን ይታያል። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን የባሰ አደጋ ነው፤ ባለሙያው የሚቀይርበት መንገድ አለ።
▪ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ቅጠላ ቅጠል። «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።
▪ ተቅማጥና ትውከት። ፈሳሽ ቶሎ መተካት (ኦአርኤስ) ያስፈልጋል። ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናው ክኒንና ሜትፎርሚን በደንብ እስኪበላና እስኪጠጣ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን ይቆዩ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ሲሻለው ግን መልሶ መጀመሩ አይረሳ።

ጨው፣ ውኃ፣ ጾም

ሰቆጣ በጥንት ጊዜ የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ በዚህ በኩል ነበር ወደ ደጋው የሚገባው፤ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬ ጨው ርካሽ ነው፣ ችግሩም መብዛቱ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

እኛ ቤት ውስጥ ጨው የሚደበቅበት ቦታ አለ፦ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ቀላሉ መፍትሔ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው አለማስገባት፣ ከዚያ ድስቱ ላይ ብቻ በልክ መጨመር ነው። የግፊት ክኒን ጨው በሚበዛበት ሰው ላይ በደንብ አይሠራም።

ኢንተርኔት ላይ «ኩላሊት ያለበት ሰው ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ባቄላ አይብላ» የሚል ረጅም ዝርዝር ታገኛላችሁ። ያ በአብዛኛው ደረጃው ለገፋ ወይም እጥበት ላይ ላለ ሰው ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ፖታሲየሙ በምርመራ ከፍ ካላለ በስተቀር እነዚህን መተው አይጠበቅበትም። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፦ ከልክ በላይ ሥጋ አያስፈልግም፤ ግን በቂ ምግብ በማይገኝበት አካባቢ «ሽሮና ምስር ተው» ብሎ መምከር ሰውን ማክሳት ነው።

ውኃስ? «ብዙ ውኃ ከጠጣህ ኩላሊትህ ይታጠባል» የሚባለው እውነት አይደለም። ውኃ የደከመ ኩላሊትን አያድስም። በጥማት ልክ መጠጣት፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ሙቀት ሲሠሩ ደግሞ መጨመር ይበቃል። እግሩ ያበጠ ወይም ልቡ የደከመ ሰው የውኃውን መጠን ባለሙያ ይወስንለት።

ጾም ለሚጾም ሰው መድኃኒት ማቋረጥ የግድ አይደለም። ብዙዎቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ስለዚህ «እጾማለሁ፣ ሰዓቱን አስተካክሉልኝ» ማለት ነው። ስኳር ያለበት ግን ሳይነጋገር መጀመር የለበትም። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጠበሉ መድኃኒቱን ተው አይልም።

መቼ ነው ወደ ሆስፒታል የሚባለው?

ጤና ጣቢያ የማይችለው ነገር አለ። አቅሙ ከ30 በታች ከወረደ፣ ሽንቱ ውስጥ በጣም ብዙ ፕሮቲን ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካለ፣ ቁጥሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በፍጥነት ከወረደ፣ ሦስት አራት ዓይነት መድኃኒት ወስዶ ግፊቱ ካልወረደ፣ ወይም ወጣት ሆኖ ያለ ምክንያት ኩላሊቱ ከደከመ ሪፈር ያስፈልገዋል። በዞኑ ሰቆጣ ከተማ ላይ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ወደ ትላልቅ ሆስፒታሎች ይላካል።

ቀጠሮ የማይጠብቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ሽንት ከቆመ ወይም በጣም ካነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊትና እግር በድንገት ካበጠ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም ትውከቱ አልቆም ካለ። በዚያው ቀን ነው የሚኬደው።

መንገዱ ሲዘጋ

ይህን ሁሉ ስንል ዋግ ላይ ነገሩ ቀላል ነው እያልን አይደለም። በ2013 እና 2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የዞኑ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ከርመዋል። ድርቁም አለ። የግፊት ክኒን የሚውጥ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው መድኃኒቱንና ካርዱን ነው። ለታመመ ጉንፋን አንድ ሳምንት ማጣት ያልፋል፤ ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት ግን መቆራረጡ ራሱ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ከተቻለ መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሙላት፣ መንገድ አስጊ ሲሆን የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲሰጥ መጠየቅ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትን በጊዜ ማደስ ይጠቅማል። ጤና ጣቢያው ሲያጣ «የለም» ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ በምን ሊተካ እንደሚችል ጠይቁ።

ስልክ የያዝነው እኛ ምን እናድርግ?

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወጣት ናችሁ፤ ኩላሊታችሁም ምናልባት ደህና ነው። ቤታችሁ ግን ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው አለ።

▪ የላብራቶሪ ወረቀቱን ፎቶ አንሡ፤ በስምና በቀን አስቀምጡት። ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል። ለሐኪም ዋናው ነገር የዛሬው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ነው።
▪ የሚወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ፎቶ ያዙ። ሌላ ከተማ ቢታከሙ ይህ ፎቶ ስህተት ያስቀራል።
▪ ለክኒኑ ሰዓትና ለቀጠሮው አላርም ሙሉ። አቅሙ ከ45 እስከ 59 ሆኖ ሽንቱ ንጹሕ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ ምርመራ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ለሆነ ወይም ፕሮቲን ላለበት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል።
▪ አብራችሁ ግቡ። አያታችሁ ኽምጣና ብቻ ከሆነ የሚናገሩት፣ ባለሙያው በአማርኛ ያለውን አስተርጉሙላቸው። «ይገባኛል» ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሁልጊዜ ገብቷቸው ላይሆን ይችላል።
▪ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ግፊቱ ስንት ነው? ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ? የማጣራት አቅሙ ስንት ደርሷል?

በዓለም ላይ 850 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አንድ ዓይነት የኩላሊት ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ጥሩ ነው። ውሳኔው ግን ለአንድ የጋዝጊብላ አባት ትርጉም የሚኖረው ጤና ጣቢያው የሽንት መመርመሪያ ወረቀትና ኢናላፕሪል ሲኖረው፣ ልጁም ቀጠሮውን ሲያስታውሰው ነው።

ቀጣዩን የእርዳታ ፖስት ስታዩ የአቅማችሁን እርዱ። ከዚያ ስልኩን ሳታስቀምጡ ቤት ደውሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ግፊትሽን መጨረሻ የተለካሽው መቼ ነው?» መልሱ «አላስታውስም» ከሆነ፣ የዚህ ሳምንት ሥራችሁ እሱ ነው።